አርባኛ ዓመትን በበረሃ ማክበር፦ በአሪዞና ሱፐርስቲሽን ተራሮች የሦስት ቀን የእግር ጉዞ ዝርዝር መመሪያ

ልደቱ በታኅሣሥ፣ በጥር ወይም በየካቲት የሚውል ሰው ሚኒያፖሊስ፣ ዴንቨር ወይም ዲሲ ከሆነ የሚኖረው፣ ደጅ ወጥቶ ማክበር የማይታሰብ ነው። ከፊኒክስ በስተምሥራቅ የአንድ ሰዓት መንገድ ርቆ የሚገኘው የሱፐርስቲሽን ምድረ በዳ ግን ለእግረኛ የሚመቸው በእነዚሁ ወራት ነው። ቀን በሸሚዝ ይኬዳል፣ ሌሊት ድንኳን ውስጥ ይታደራል፣ ሁለት ሌሊትና ሦስት ቀን ለአርባኛም ለሃምሳኛም ልደት ይበቃል።

ይህ መመሪያ በጀርባ ተሸክሞ ለሚደረግ፣ 28 ኪሎ ሜትር ገደማ ለሚሆን ዙሪያ ጉዞ የተዘጋጀ ነው። ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልብ በሉ፦ እዚህ አገር ዕቅዱን የሚወስነው ውሃና የቀን ብርሃን ነው። ልደቱ የት ይከበር፣ የት ይታደር፣ ስንት ሰው ይሂድ የሚለው ሁሉ ከእነዚህ ሁለቱ በኋላ ይመጣል። ብዙ ጉዞ የሚበላሸው በግልባጩ ስለሚታቀድ ነው፤ መጀመሪያ ፎቶ የሚያምርበት ቦታ ይመረጥና ውሃው በኋላ ይታሰባል።

ቀኑን መቁረጥ

ቦታው የቶንቶ ብሔራዊ ደን አካል ሲሆን 65,000 ሄክታር ገደማ ይሰፋል። ለማደር የፈቃድ ወረቀት አያስፈልግም፤ በአንድ ቡድን ከ15 ሰው በላይ መሄድና ከ14 ቀን በላይ መቆየት ግን ክልክል ነው። ድሮን ማብረርም አይፈቀድም፤ ለልደት ቪዲዮ ብሎ ይዞ መምጣት ትርፉ ቅጣት ነው።

የሚመቸው ጊዜ ከኖቬምበር አጋማሽ እስከ ማርች አጋማሽ ነው። በጃንዋሪ ፊኒክስ ከተማ ቀን በአማካይ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል። ተራራው ውስጥ የምትሄዱት ከ700 እስከ 1,150 ሜትር ከፍታ ስለሆነ ጥቂት ዲግሪ ይቀንሳል፣ ሌሊት ደግሞ ወደ ዜሮ ይጠጋል፣ አንዳንዴም ያልፈዋል። በአሜሪካው በጋ (ከጁን እስከ ኦገስት) ከ40 ዲግሪ በላይ ስለሚሞቅ በዚያን ጊዜ መሄድ ለሕይወት ያሰጋል። የብርዱ ወራት አደጋ ሌላ ነው፦ ከፓስፊክ የሚመጣ ዝናብ ሁለትና ሦስት ቀን ሊዘንብ ይችላል። ስለዚህ የአውሮፕላን ትኬት ስትቆርጡ በኋላ በኩል አንድ ትርፍ ቀን ተዉ፤ ዝናቡ ከመጣ ጉዞውን በአንድ ቀን ለመግፋት ይረዳችኋል።

የጃንዋሪ ቀን አጭር ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር (በዚህ መመሪያ ሰዓቱ ሁሉ እንዲሁ ነው) ፀሐይ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ገደማ ወጥታ ከ11 ሰዓት ተኩል ትንሽ እልፍ ሲል ትጠልቃለች፤ ሸለቆ ውስጥ ደግሞ ከዚያ አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ ይጨልማል። ድንኳን እስከ 10 ሰዓት መተከል አለበት ብላችሁ ያዙ።

የልደቱን ቀን በተመለከተ በኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር የሚቆጥር ሰው ቀኑን አስቀድሞ ያጣራ። ለምሳሌ ጥር 1 ቀን 1979 ዓ.ም. የተወለደ ሰው ጥር 1 ቀን 2019 ዓ.ም. 40 ይሞላዋል፤ ይህም ጃንዋሪ 9 ቀን 2027፣ ቅዳሜ ነው። ወረቀቱ ላይ ጃንዋሪ 1 የተጻፈበትና እውነተኛ ቀኑን የሚያውቅ ብዙ ሰው ስላለ፣ ጓደኞች በድብቅ የምታዘጋጁ ከሆነ እናቱን ወይም ታላቅ እህቱን ጠይቁ። ቅዳሜና እሑድ የጉዞው መነሻ የሆነው የፔራልታ መኪና ማቆሚያ በጠዋት ይሞላል፤ ከተቻለ ከእሑድ እስከ ማክሰኞ ወይም ከሰኞ እስከ ረቡዕ ያለውን ምረጡ።

ጾሙንም ተመልከቱ። ጾመ ነቢያት እስከ ገና፣ ማለትም ጃንዋሪ 7 ድረስ ነው፤ ከዚያ በኋላም ረቡዕና ዓርብ አለ። ረመዳን ደግሞ በእነዚህ ዓመታት ፌብሩዋሪ ላይ ይውላል፤ ውሃ ሳይጠጡ በዚህ መሬት ሸክም ይዞ መውጣት አደገኛ ስለሆነ በቡድኑ ውስጥ የሚጾም ካለ ቀኑን አሳልፉለት።

ማን ይሂድ፣ ማን ይቀበል

ከአራት እስከ ስድስት ሰው ተስማሚ ነው። ሕጉ 15 ቢፈቅድም በመንገዱ ላይ ያሉት ማደሪያዎች አብዛኞቹ ሦስት ድንኳን ብቻ የሚይዙ ናቸው። ሰው ሲበዛ አንዱ ይርበዋል፣ አንዱ ይቀዘቅዘዋል፣ ሁሉም በጣም ዘገምተኛ በሆነው እርምጃ ይሄዳል፤ አጭር ቀን ላይ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ታዲያ ሠላሳ ዘመድ መጋበዝ የግድ የሆነበት ልደት ምን ይደረግ? ለሁለት ክፈሉት። ተጓዦቹ ለሦስት ቀን ይሂዱ፤ እናት አባት፣ ልጆችና የቀረው ወዳጅ በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ሎስት ደችማን ስቴት ፓርክ ይጠብቃቸው። ፓርኩ በተራራው ምዕራብ በኩል ከፔራልታ በመኪና 45 ደቂቃ ገደማ ሲሆን የድንኳን ቦታ፣ መታጠቢያና የሽርሽር ጠረጴዛ አለው። ክትፎውም ዶሮ ወጡም ሙዚቃውም እዚያ ይሁን። በብርዱ ወራት የሚያድርበት ሰው ስለሚበዛ ቦታውን ከብዙ ወራት በፊት ያዙ።

የሚሄደው ሰው ስምንት ሳምንት መዘጋጀት አለበት። ብርድ አገር ላለ ሰው የሕንፃ ደረጃ ከሁሉ ይሻላል፦ በሳምንት ሁለት ቀን 45 ደቂቃ መውጣትና መውረድ፣ ቅዳሜ ደግሞ ረዘም ያለ ጉዞ ከነቦርሳው። ከ5 ኪሎ ጀምራችሁ በየሳምንቱ አንድ አንድ ኪሎ ጨምሩ። ጉልበት የሚያመው በመውረድ ስለሆነ መውረዱን በሊፍት አትዝለሉት። በጉዞው የምታደርጉት ጫማ ቢያንስ 50 ኪሎ ሜትር የተሄደበት ይሁን። የስኳር ወይም የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ያማክር፤ መድኃኒቱንም ለሁለት ከፍሎ ግማሹን በሌላ ሰው ቦርሳ ያስቀምጥ።

መንገዱ፣ ቀን በቀን

ከሀይዌይ 60 ጎልድ ካንየንን አለፍ ብላችሁ ወደ ፔራልታ ሮድ ትታጠፋላችሁ። ከዚያ እስከ መነሻው 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አብዛኛው አስፋልት የለውም፣ ሆኖም በደረቅ ጊዜ የተከራያችሁት ተራ መኪና ይበቃል። መንገዱ ደረቅ ወንዞችን ስለሚያቋርጥ ከዝናብ በኋላ ጎርፉ እስኪጎድል መጠበቅ ግዴታ ነው።

አብዛኛው ሰው በፔራልታ ዱካ ወደ ፍሪሞንት ሳድል (ሳድል በተራሮች መካከል ያለ ማለፊያ ነው) ይወጣና ዙሩን ከዚያ ይጀምራል። ለልደት ጉዞ ግን ግልባጩን፣ በብለፍ ስፕሪንግ ዱካ መጀመርን እንመክራለን። ምክንያቱ ሦስት ነው። የመጀመሪያው ሌሊት አስተማማኝ ውሃ ያለበት ይሆናል። ብዙ ውሃ የምትሸከሙት ምግቡ ከቀነሰ በኋላ ይሆናል። የጉዞው ግርማ የሆነው ዊቨርስ ኒድል፣ 1,388 ሜትር ከፍታ ያለው የዓለት ዓምድ፣ መጨረሻ ላይ በልደቱ ምሽት ከፊታችሁ ይቆማል።

የመጀመሪያው ቀን ከ10 እስከ 11 ኪሎ ሜትር ነው። ከመኪና ማቆሚያው በደችማንስ ዱካ ተነስታችሁ ወዲያው ወደ ብለፍ ስፕሪንግ ዱካ (ቁጥር 235) ትገነጠላላችሁ። መጀመሪያው አቀበት ዳገታማና ልቅ ድንጋይ የሞላበት ነው፤ ሸክሙ ገና ሙሉ ስለሆነ ቀስ በሉ። ባርክስ ካንየንን አልፋችሁ፣ የተራፒን ዱካ መገንጠያን ትታችሁ፣ በብለፍ ስፕሪንግ ሸለቆ ወርዳችሁ ከደችማንስ ዱካ (ቁጥር 104) ጋር ትገናኛላችሁ። ከዚያ ብለፍ ሳድልን ተሻግራችሁ ላባርጅ ካንየን ትወርዳላችሁ። እዚያ ላባርጅ ስፕሪንግ፣ ዝቅ ብሎም ሻርልቧ ስፕሪንግ አሉ፤ በዚህ ተራራ ከሁሉ የሚታመኑት ምንጮች እነዚህ ናቸው። ምንጩ ሥር ግን አትስፈሩ። የአሪዞና ሕግ ለእንስሳት ሌላ ውሃ በሌለበት ቦታ ከውሃው 400 ሜትር ውስጥ ማደርን ይከለክላል፤ አጋዘኑም ከርከሮ መሳዩ ሃቬሊናም የሚጠጣው በሌሊት ነው።

በሁለተኛው ቀን ከ8 እስከ 10 ኪሎ ሜትር ትሄዳላችሁ። ከመነሳታችሁ በፊት ለዛሬና ለነገ የሚሆን ውሃ ሙሉ፤ መጠኑን ወደ ታች ጽፈነዋል። ዱካው ላባርጅን ደጋግሞ ካቋረጠ በኋላ በማርሽ ቫሊ አልፎ፣ ብላክ ቶፕ ሜሳ ያለውን በር ተሻግሮ ወደ ኢስት ቦልደር ካንየን ይወርዳል። እዚያ የፔራልታ ዱካን (ቁጥር 102) ታገኛላችሁ። ወደ ደቡብ ታጥፋችሁ ዓለቱ በደንብ የሚታይበት፣ ከጎርፍ መውረጃው ከፍ ያለ ደልዳላ ቦታ ላይ ስፈሩ። የልደቱ ምሽት ይህ ነው።

ሦስተኛው ቀን 8 ወይም 9 ኪሎ ሜትር ሲሆን ጠዋቱን በሙሉ አቀበት ነው፤ 1,148 ሜትር ላይ ያለው ፍሪሞንት ሳድል እስኪደረስ። ከዚያ እስከ መኪናው 4 ኪሎ ሜትር ገደማ ቁልቁለት ይቀራል። 2 ሰዓት ላይ ከተነሳችሁ እስከ 7 ሰዓት መኪናችሁ ጋ ትደርሳላችሁ፤ ድግሱን ለ9 ሰዓት ቅጠሩ።

በሁለተኛው ቀን ጉልበቱ የታመመበት ሰው ካለ ፍሪሞንት ሳድልን ሳይወጡ የሚመለሱበት መንገድ አለ፦ ኒድል ካንየን ላይ የተራፒን ዱካን (ቁጥር 234) ይዞ ወደ ብለፍ ስፕሪንግ ዱካ መመለስ። ይህን መገንጠያ በስልካችሁ ካርታ ላይ ከቤት ሳትወጡ ምልክት አድርጉበት።

ውሃ

አንድ ሊትር አንድ ኪሎ ነው፤ ስለዚህ አስልቶ መያዝ ይገባል። በመጀመሪያው ቀን እያንዳንዱ ሰው ከመኪናው 4 ሊትር ይዞ ይነሳል። በሁለተኛው ቀን ከሻርልቧ 6 ሊትር ይሞላል፦ አንድ ሊትር ተኩል ለቀኑ መንገድ፣ ሁለት ሊትር ተኩል ለእራት፣ ለቡናና ለቁርስ፣ ሁለት ሊትር ለሦስተኛው ቀን አቀበት። ኢስት ቦልደር ዝናብ በጣለ ሰሞን ውሃ አለው፤ ካገኛችሁ ደስ ይላል እንጂ በእሱ ተማምናችሁ አትሂዱ።

ውሃውን በአንድ ትልቅ ፕላስቲክ ከረጢት አትያዙ። እሾህ ከወጋው ሁሉም ይፈስሳል። ሁለት ባለ አንድ ሊትር ጠንካራ ጠርሙስና ሁለት ባለ ሁለት ሊትር የሚታጠፍ ከረጢት ያዙ፤ ከረጢቶቹም በቦርሳው ውስጥ እንጂ በውጭ አይሁኑ።

ማጣሪያው ባለ 0.1 ማይክሮን ቢሆን ባክቴሪያንና ጃርዲያ የተባለውን የአንጀት ተውሳክ ያስቀራል። እንደ ሶየር ስኩዊዝ ያሉት ማጣሪያዎች ግን አንድ ጠላት አላቸው፤ እርጥብ ሳሉ በረዶ ከያዛቸው ውስጣቸው ያሉት ቀጫጭን ቱቦዎች ይሰነጠቃሉ፣ ከውጭ ሲታዩ ደግሞ ምንም አይለወጡም። ሌሊት በላስቲክ ጠቅልላችሁ መኝታችሁ ውስጥ ይዛችሁት ተኙ። መጠባበቂያ እንዲሆን ለአንድ ሰው አሥር የክሎሪን ዳይኦክሳይድ ክኒን ያዙ፤ ክሪፕቶስፖሪዲየም የተባለውን ሌላ የአንጀት ተውሳክ ለመግደል አራት ሰዓት ስለሚፈልግ ማታ ጨምራችሁ ጠዋት ጠጡ።

ከመነሳታችሁ ከሦስትና ከአራት ቀን በፊት ለቶንቶ ብሔራዊ ደን የሜሳ ቢሮ ደውላችሁ ስለ ምንጮቹ ጠይቁ። ምንጮቹ ደርቀዋል ከተባለ ዙሩን ተዉት፤ በነፍስ ወከፍ 7 ሊትር ይዛችሁ በፔራልታ በኩል ውጡና ከፍሪሞንት ሳድል አለፍ ብላችሁ አንድ ሌሊት አድራችሁ ተመለሱ። ዓለቱ ከዚያም ይታያል፣ ልደቱም ይከበራል።

ስንቅ

የሀበሻ ጓዳ ለዚህ ዓይነቱ ጉዞ የተዘጋጀ ይመስላል። በሱቅ የሚሸጠው በውሃ የሚነፋ የታሸገ ምግብ ውድ ነው፣ ጨውም ይበዛበታል። ድርቆሽ፣ ሽሮ፣ በሶ፣ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ቀላል ናቸው፣ አይበላሹም፣ የጾምም ናቸው። የሚፈስከው ጭኮና ቋንጣ ይጨምር። ቋንጣውን ግን እዚያው አሜሪካ አድርቁት፤ ከኢትዮጵያ ሥጋ ማስገባት ክልክል ስለሆነ ኤርፖርት ላይ ይወሰዳል።

ድርቆሹን ከጉዞው አንድ ሳምንት በፊት ሥሩ። እንጀራውን በሁለት ጣት ስፋት ቁረጡት፣ ኦቨኑን ወደ ዝቅተኛው ሙቀት (75 ዲግሪ ገደማ) አድርጋችሁ በሩን ትንሽ ገርበብ አድርጉት፤ ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት ይፈጃል። ሲሰበር ቀጭ የሚል ድምፅ ካላሰማ አልደረቀም፤ የሚተጣጠፍ ከሆነ በሦስተኛው ቀን ይሻግታል። ሳይቀዘቅዝ ከረጢት ውስጥ አታስገቡት፣ ላቡ መልሶ ያረጥበዋል። ለአንድ ሰው ለአንድ እራት 90 ግራም ይበቃል።

ቁሌቱንም ማድረቅ ይቻላል። ሽንኩርቱን በደንብ አብስላችሁ ከበርበሬ፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከጨው ጋር አቁላሉ፣ ዘይቱን ግን በጣም አሳንሱ። ዘይት አይደርቅም፣ ሲቆይም ይሸታል። የተቁላላውን በብራና ወረቀት ላይ በስሱ ቀብታችሁ አድርቁትና ፍርፍር አድርጋችሁ ያዙት፤ ዘይቱ በትንሽ ጠርሙስ ለብቻው ይሄዳል። በረሃ ላይ ለአንድ ሰው 300 ሚሊ ሊትር ውሃ አፍልታችሁ ቁሌቱን ጨምሩ፣ ሦስት ደቂቃ ይንተክተክ፣ አንድ ሾርባ ማንኪያ ዘይት ጨምሩና እሳቱን አጥፉ። ድርቆሹ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው፤ ከድናችሁ አራት ደቂቃ ጠብቁ። እሳት ላይ እያለ የገባ ድርቆሽ ገንፎ ይሆናል።

ሽሮ ለአንድ ሰው 70 ግራም በ350 ሚሊ ሊትር ውሃ ነው። ጓል እንዳይሆን በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጡት። የካምፕ ድስት ስስ ስለሆነ ሽሮው ከሥር በቶሎ ያርራል፤ እሳቱን በጣም ዝቅ አድርጋችሁ እጃችሁን ሳታነሱ አማስሉ። ለቁርስ 80 ግራም በሶ ከስኳር ወይም ከጨው ጋር፣ ለመንገድ በቀን 150 ግራም ቆሎ ከኦቾሎኒ ጋር። በጠቅላላው ለአንድ ሰው በቀን ከ600 እስከ 700 ግራም ደረቅ ስንቅ አስቡ።

የጋዝ ጣሳ በአውሮፕላን አይሄድም፤ በእጅም በሻንጣም ክልክል ነው። ፊኒክስ ስትደርሱ ከካምፕ ዕቃ መደብር ግዙ፤ ለሦስት ሰው አንድ ባለ 230 ግራም ጣሳ ይበቃል፣ ሽሮ ስለሚንተከተክ ነው ይህን ያህል የሚፈልገው። ምድጃውን ራሱን አጥባችሁና የጋዝ ሽታውን አጥፍታችሁ መያዝ ትችላላችሁ። ሽሮና በርበሬን በእጅ ሻንጣ አትያዙ፤ ዱቄት ሲበዛ ፍተሻ ላይ ያስቆማል። ምርኩዝና የድንኳን ካስማም ወደሚጫነው ሻንጣ ይግቡ።

ዕቃ

ከ50 እስከ 60 ሊትር የሚይዝ ቦርሳ፣ ከነውሃው ከ14 ኪሎ ያልበለጠ። ስሊፒንግ ባጉ እስከ ዜሮ ዲግሪ ተመችቶት የሚያስተኛ ይሁን። የሚነፋ ፍራሽ የምትይዙ ከሆነ ከሥሩ ስስ ስፖንጅ አንጥፉ፤ የቁልቋል እሾህ የድንኳኑን ወለል አልፎ ፍራሹን ይበሳዋል፣ ያን ጊዜ ሌሊቱን ሙሉ ቀዝቃዛ መሬት ላይ ትተኛላችሁ። ድንኳን ከመትከላችሁ በፊት ቦታውን በባትሪ እያያችሁ በጫማ ጥረጉት።

ሰውነት ላይ የሚያርፈው ልብስ ጥጥ አይሁን። ጥጥ ላብ ይይዛል፣ ፀሐይ ስትገባ ያ ላብ ብርድ ይሆናል። ጋቢ ለዚሁ ነው የማይመከረው፤ ክብደቱ አንድ ኪሎ ገደማ ነው፣ ጤዛ ከነካው አይደርቅም። መኪና ውስጥ ይቆይና በሦስተኛው ቀን ይለበስ። ቀላል ላባ ጃኬት፣ የዝናብ ካፖርት፣ ሞቅ ያለ ቆብ፣ ስስ ጓንት፣ ረጅም ሱሪ፣ ሁለት ጥንድ የሱፍ ካልሲና የግንባር ባትሪ በቂ ናቸው።

ከሕክምና ዕቃው ጋር ማበጠሪያና ወረንጦ መኖር አለበት። ቾያ የሚባለው ቁልቋል ሲነኩት ቁራጩ ተገንጥሎ እጅ ወይም ባት ላይ ይጣበቃል። እሾሁ ጫፉ ወደ ኋላ የሚይዝ ስለሆነ በእጅ ለመንቀል የሞከረ ሰው ሌላኛውንም እጁን ያስይዛል። ማበጠሪያውን በቁራጩና በቆዳው መካከል አስገብታችሁ ከሰውነት ርቆ እንዲወረወር በአንድ ጊዜ ሳቡት፤ አጠገብ የቆመ ሰው ዞር ይበል። የቀረውን በወረንጦ ልቀሙ።

የልደቱ ምሽት

ኬክ አይሄድም፤ ክሬሙ ይቀልጣል፣ ይጨማደዳል። ድፎ ዳቦ ግን ለዚህ የተፈጠረ ነው። ጠንከር ያለ፣ አንድ ኪሎ የሚሆን ድፎ በጉዞው ዋዜማ ጋግሩ፤ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ከቦርሳው ላይኛ ክፍል አድርጉት። በላስቲክ ከታሸገ ቅርፊቱ ይላላል። በቡድኑ ውስጥ በዕድሜ የሚበልጠው ሰው መርቆ ይቁረሰው።

ሻማ ግን አታብሩ። በ2019 እ.ኤ.አ. ዉድበሪ የተባለው በሰው የተነሳ እሳት በዚህ ተራራና አካባቢው 50,000 ሄክታር ያህል አቃጥሏል፤ ብዙ ጊዜም ክፍት እሳት ይከለከላል። በባትሪ የሚሠሩ ትናንሽ ሻማዎች ያምራሉ፣ ክብደትም የላቸውም። ፊኛና የሚበተን ብልጭልጭ ወረቀት አይያዙ፤ እሾህ ላይ የተያዘ ፊኛ ማንም አይለቅመውም። ከሰልና ዕጣንም ይቅር።

ቡናው ይኑር። ቤት ተቆልቶ ተወቅጦ ይምጣ፤ ለአንድ ሊትር ውሃ 60 ግራም። የሸክላ ጀበና ቦርሳ ውስጥ ይሰበራል፣ በድስት አፍልታችሁ አውርዱትና አምስት ደቂቃ ይስከን፤ ጥቂት ቀዝቃዛ ውሃ ጠብ ሲደረግበት አተላው በቶሎ ይወርዳል። አተላውን መሬት ላይ አትድፉ፣ ከቆሻሻው ጋር ተመልሶ ይውጣ።

ልብን የሚነካው ስጦታ ክብደት የሌለው ነው። መምጣት ያልቻሉ ዘመዶች፣ አዲስ አበባም ጎንደርም ያሉት፣ የአንድ ደቂቃ ድምፅ ቀርጸው ይላኩ። አንድ ሰው ሁሉንም በስልኩ ላይ ያውርድ፤ እዚያ ኔትዎርክ የለም። ድፎው ከተቆረሰ በኋላ አንድ በአንድ ያሰማ። ለጨዋታ የሚሆንም አለ፦ ያዕቆብ ዋልትስ የሚባል ጀርመናዊ በ1891 እ.ኤ.አ. ፊኒክስ ላይ ሲሞት በዚህ ተራራ የወርቅ ጉድጓድ ደብቆ ነበር ይባላል፣ እስከ ዛሬም የሚፈልጉት አሉ። እናንተ ግን አትቆፍሩ፤ ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዚህ ምድረ በዳ አዲስ የማዕድን ይዞታ ማውጣት አይቻልም።

ምን ይበላሻል

የብዙ ቡድን ችግር መዘግየት ነው። ጠዋት ቡና ይፈላል፣ ወሬው ይደራል፣ 4 ሰዓት ላይ ይነሳሉ፤ ከዚያ የደረቅ ወንዝ መሻገሪያ ላይ በጨለማ ዱካ ይጠፋቸዋል። ላባርጅና ኢስት ቦልደር ላይ ዱካው ወደ ወንዙ አሸዋ እየገባ ስለሚጠፋ በእያንዳንዱ መሻገሪያ ቆማችሁ በማዶ የተደረደሩ ድንጋዮችን ፈልጉ። አምስት ደቂቃ ሄዳችሁ ዱካ ካላያችሁ ወደ መጨረሻው እርግጠኛ ቦታ ተመለሱ። ካርታውን ቀድማችሁ በስልክ አውርዱ፣ የወረቀትም ያዙ፤ ስልኩ በአውሮፕላን ሞድ ይሁን፣ ሌሊትም መኝታ ውስጥ ይደር።

ሰማዩ ከጠቆረ በጎርፍ መውረጃ አትስፈሩ። ዝናቡ የእናንተ ቦታ ላይ ባይጥልም ከላይ የጣለው ይወርዳል። የሞላ መሻገሪያ ካጋጠማችሁ ተቀምጣችሁ ጠብቁ፤ ብዙ ጊዜ በጥቂት ሰዓት ይጎድላል።

እግር ላይ ትኩስ ስሜት ሲጀምር፣ ውሃ ሳይቋጥር፣ ቁሙና ፕላስተር ለጥፉ። ማንም ሰው በሌሎች ፊት ማቆም ስለሚያፍር፣ መሪው የመጀመሪያው ሰዓት ላይ ራሱ አስቁሞ ሁሉም ጫማውን እንዲያወልቅ ያድርግ። እባብ በብርዱ ወራት በአብዛኛው ጉድጓድ ውስጥ ነው፤ ሞቅ ባለ ቀን ግን ስለሚወጣ እጃችሁን በማታዩት የድንጋይ ስንጥቅ አታስገቡ። ጫማ ጠዋት ይራገፍ፣ ጊንጥ አለ።

ማታ የሚንቀጠቀጥ፣ ንግግሩ የሚንተባተብ ሰው ካያችሁ እርጥቡን ልብስ ቀይሩለት፣ መኝታው ውስጥ አስገቡት፣ ሙቅ በሶ በስኳር ስጡት፣ ጠርሙስ ውስጥ የተሞላ ሙቅ ውሃ በካልሲ ጠቅልላችሁ ደረቱ ላይ አድርጉለት። መጠጥ አትስጡት፤ አልኮል ሙቀት ያባክናል።

መጸዳጃ ከውሃ 60 ሜትር ርቆ፣ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር የሚጠልቅ ጉድጓድ ነው። ወረቀቱ በላስቲክ ተመልሶ ይወጣል፤ በዚህ ደረቅ አፈር ወረቀት አይበሰብስም።

ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ዝርዝር፣ የመኪናውን ታርጋና የመመለሻ ሰዓቱን ለአንድ እዚያው ፓርክ ለሚጠብቅ ሰው በጽሑፍ ስጡ። በሳተላይት መልእክት የሚልክ ጋርሚን ኢንሪች ወይም ሳተላይት ያለው አዲስ አይፎን ከቡድኑ አንዱ ይያዝ፣ አሠራሩንም ቢያንስ ሁለት ሰው ይወቀው። የሚጠብቀው ሰው እስከ ማታ 12 ሰዓት (በአሜሪካ አቆጣጠር 6 ሰዓት) ድምፃችሁን ካልሰማ ወደ 911 ደውሎ ተጓዦቹ በፔራልታ መነሻ፣ ፒናል ካውንቲ፣ ከብለፍ ስፕሪንግ ተነስተው በፍሪሞንት ሳድል ሊወጡ እንደነበር ይናገር። ይህን ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛም ጽፋችሁ ስጡት፤ የሚጠብቁት እናት ከሆኑ በድንጋጤ ጊዜ አንብበው ይነግራሉ።